የአውቶሞቢል ማቀዝቀዣ ሥራውን ሲያቆም

በደጋ አገር የሚኖር ሰው ስለ ብርድ እንጂ ስለ ሙቀት ብዙ አያስብም። ቤቱን ሲሠራ ነፋስ እንዳይገባበት፤ ልብሱን ሲያሰናዳ ውርጭ እንዳያገኘው ይጠነቀቃል። አውቶሞቢል የሚገዛ እንደ ሆነም ሞተሩን፤ ጎማውንና መቀመጫውን አጥብቆ ይመረምራል፤ የአየር ማቀዝቀዣውን ግን ከጌጥ ቈጥሮ ያልፈዋል። ለመንግሥት ሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቆላ በወረደ ጊዜ ግን ያ ጌጥ መስሎ የታየው መሣሪያ ለሕፃንና ለሽማግሌ፤ ለነፍሰ ጡርና ለበሽተኛ የጤና መጠበቂያ መሆኑን ያስተውላል። እኛም በአሶሳ ለሥራ በተቀመጥንበት ጊዜ በዚህ ነገር ያየነውና የተማርነው ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን ስለ አሰብን እነሆ እንጽፋለን።

አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምቴ፤ በጊምቢ፤ በነጆና በመንዲ አድርጎ፤ የዳቡስንም ወንዝ ተሻግሮ፤ ባምባሲን ያለፈ መንገደኛ ከ650 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ይደርስባታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ አሶሳ ግን በ1,500 ሜትርና በ1,600 ሜትር መካከል ተቀምጣለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በጠቅላላው 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየሞቀ ስለሚሄድ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት በሰውነት ላይ ወዲያው ይታወቃል። ከአሶሳ ወደ ሱዳን ወሰን ወደ ኩርሙክ የወረደ እንደ ሆነ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ይደርሳል። በመተከል በኩል ያለው ጉባ፤ ማለት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተሠራበት አገር፤ እንዲሁ ሙቀቱ የበረታ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ዝናሙ እስኪመጣ ድረስ ባሉት ወራት በእኩለ ቀን የአሶሳ ሰው ሁሉ የማንጎውን ጥላ ይፈልጋል፤ በፀሐይ የዋለ አውቶሞቢልም እንደ ምድጃ ይግላል።

እንግዲህ ስለ ብልሽቱ ከመናገራችን በፊት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል። ማቀዝቀዣ ብርድን አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከአንድ ስፍራ ወስዶ በሌላ ስፍራ ይጥላል እንጂ። ለዚህም በየቤታችን የምናውቀው ምሳሌ አለ። አዲስ እንስራ ውኃውን የሚያቀዘቅዘው በገላው ላይ የሚወጣው ወዝ ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀቱን ይዞት ስለሚሄድ ነው። አረቄም በእጅ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ ፈጥኖ ስለሚተን ገላን ቀዝቀዝ ያደርገዋል። የአውቶሞቢሉም ማቀዝቀዣ ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚተነው ነገር ወደ ውጭ ሳይባክን ተመልሶ ፈሳሽ መሆኑ ነው።

ኮምፕሬሰር የሚባለው መጭመቂያ በሞተሩ ቺንጊያ እየዞረ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙም ሲጨመቅ እጅግ ይሞቃል። ከዚያም በራዲያተሩ ፊት ወደ ቆመው ወደ ኮንደንሰር ይሄድና የመንገዱ ነፋስና ቬንቲላተሩ ሙቀቱን ሲገፉለት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ፈሳሹ እርጥበትን በሚመጠው ማድረቂያ አልፎ፤ እጅግ በጠበበ ቫልቭ ውስጥ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር በተደበቀው ኢቫፖሬተር ውስጥም ሲተን የአውቶሞቢሉን የውስጥ ሙቀት ይስባል። ማራገቢያውም በዚያ ላይ አየር ሲነፋበት ቀዝቃዛው ነፋስ ወደ ተቀመጡት ሰዎች ይደርሳል። ጋዙም እንደ ገና ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ ዙሩን ይጀምራል።

ይህ ብልሃት ለሰው ምቾት ተብሎ የተጀመረ አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በኒው ዮርክ ብሩክሊን ላለ አንድ ማተሚያ ቤት መሣሪያውን ያሰበው በአየሩ እርጥበት ወረቀቱ እየተነፋ ቀለሙ ስፍራውን እየሳተ ስለ አስቸገረ ነው። በ1939 ደግሞ ፓካርድ የተባለው የአውቶሞቢል ፋብሪካ ማቀዝቀዣ ያለበትን አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ። ያ መሣሪያ የዕቃ ማስቀመጫውን ከፊሉን ስፍራ የያዘ ከመሆኑም በላይ ለማቆም የፈለገ ሰው ከአውቶሞቢሉ ወርዶ፤ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ፤ ቺንጊያውን በእጁ መፍታት ነበረበት። ዛሬ በአንዲት ጣት የምትጫን ቍልፍ ሥራውን ሁሉ ትፈጽመዋለች። ነገር ግን ቍልፉ ማነሱ የውስጡን ብዛት አይቀንሰውም፤ ስለዚህም መሣሪያው ያቆመ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ብዙ ገንዘብ ይከስራል።

የእኛ አውቶሞቢል በደጋ ለብዙ ዓመት ከተቀመጠ ሰው የተገዛ ነበር። በቤታችን በዚያን ጊዜ የምታጠባ ባለቤታችን፤ የአምስት ወር ሕፃንና የስኳር በሽታ ስለ አለባቸው ኢንሱሊን የሚወስዱ አሮጊት እናታችን ነበሩ። አንድ ቀን በመጋቢት ወር ከሰዓት በኋላ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ስንመለስ ነፋሱ እንደ ወትሮው እየወጣ ቅዝቃዜው ግን ጠፋ። ሕፃኑ ፊቱ ቀልቶ ጡት እንኳ እንቢ አለ፤ እናታችንም የመድኃኒታቸውን ቦርሳ ከፀሐይ ለመከለል በነጠላቸው ጠቅልለው በጉልበታቸው ላይ ያዙት። መንገዱ ሩቅ ባይሆንም ሐሳቡ ረዥም ነበር።

በማግስቱ ወደ አንድ ጋራዥ በሄድን ጊዜ ሠራተኛው ክዳኑን ከፍቶ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ «ጋዝ አልቆበት ነው» ብሎ ሞላው፤ ገንዘቡንም ተቀበለ። ቅዝቃዜውም ተመለሰ። ዳሩ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እንደ ፊተኛው ሆነ። ዳግመኛ በሄድን ጊዜ እናታችን አብረውን ነበሩና ሠራተኛው ሁለተኛ ሊሞላ ሲሰናዳ እንዲህ ብለው ጠየቁት።

«ልጄ፤ ይህ ጋዝ የምትለው ነገር እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ነው?»

«የለም እማማ፤ በቱቦው ውስጥ እየዞረ የሚመላለስ ነው» አላቸው።

«እንግዲያስ ወዴት ሄደ? ጋን ሲጎድል አንድም የጠጣው ሰው አለ፤ አንድም ተሰንጥቋል። የጠጣው ከሌለ ስንጥቁን ሳትፈልግ በላዩ ብትጨምርበት ምን ይጠቅማል?»

ሠራተኛው የሚመልሰው ቃል አጣ። እኛም ሂሳባችንን ዘግተን ሌላ ሰው ዘንድ ሄድን። በእውነቱ ስለ አውቶሞቢል አንድ መጽሐፍ ያላነበቡ አሮጊት የነገሩን ሥር ያገኙት ጠላ በመጥመቅና ቅቤ በማስቀመጥ በተማሩት ጥበብ ነው። ጋዝ አይበላም፤ አይጠጣም፤ ከጎደለ ወጥቷል ማለት ነው። በብዙ ዓመት ውስጥ በጎማው ቱቦ በኩል ጥቂት በጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ያለ ቀዳዳ አይጎድልም።

ሁለተኛው መካኒክ ዕድሜው ወጣት፤ ጠባዩ ግን የተረጋጋ ነበር። ጋዝ ከመሙላቱ በፊት ናይትሮጅን በግፊት ከቶ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባቸው፤ ከኮምፕሬሰሩ በሚወጣው ቱቦ መጋጠሚያ ላይም አረፋው እየተነፋ ሲፈነዳ አየን። በዚያ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት ደርቃ ተሰንጥቃ ነበር። ምክንያቱን ስንጠይቀው ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ እየዞረ እነዚህን ቀለበቶች የሚያርስ መሆኑን፤ በደጋ አገር ማቀዝቀዣው ለብዙ ወር ሳይከፈት ሲቀመጥ ግን ቀለበቶቹ የሚደርቁ መሆናቸውን አስረዳን። ከዚህም በቀር ኮንደንሰሩን በመብራት ሲመለከተው በክንፎቹ መካከል የሣር ፍሬና ጥቁር አመድ ተጠቅጥቆ አገኘ። በዚያ አገር በበጋ የሣሩና የሽመሉ ዱር ሲቃጠል አመዱ በነፋስ ይበናል፤ በአቧራማ መንገድ የሚሄድ አውቶሞቢልም ያንን ሁሉ በፊቱ ይሰበስባል። ቀለበቲቱን ለወጠ፤ ኮንደንሰሩን በለዘበ ውኃ አጠበ፤ ማድረቂያውንም አዲስ አደረገ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት ከግማሽ ሰዓት በላይ በፓምፕ ስቦ ካወጣ በኋላ ጋዙን በሚዛን መዝኖ ሞላው። ከዚያ በኋላ በአሶሳ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ ማቀዝቀዣው አላስቸገረንም።

ከዚህ መካኒክ የተማርነውን የምርመራ ሥርዓት ለአንባቢዎቻችን በተራ እናቀርባለን። ይህም ባለቤቱ ራሱ በዓይኑና በጆሮው ሊያደርገው የሚችለውን ብቻ የሚመለከት ነው።

አንደኛ፤ ነፋሱን ተመልከት። ነፋሱ ራሱ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ነገሩ ከጋዝ ላይሆን ይችላል፤ የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ በአቧራ ታፍኖ ወይም የማራገቢያው ፊውዝ ተቃጥሎ ይሆናል። ፊልትሮውን ማውጣትና መለወጥ በብዙ አውቶሞቢሎች ቀላል ሥራ ነው። የሙቀት ማስተካከያውም ወደ ሙቅ በኩል ዞሮ እንዳልቀረ ማየት አይከፋም።

ሁለተኛ፤ ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ሙቅ የሆነ እንደ ሆነ ሞተሩን አስነሥተህ፤ ማቀዝቀዣውን ከፍተህ፤ ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልከት። በብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ፍሪሲዮኑ «ቀጭ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ፊተኛው ሳህን ከመዘውሩ ጋር መዞር አለበት። ያልዞረ እንደ ሆነ ፊውዙ ወይም ሪሌው ተበላሽቶ፤ ወይም ጋዙ ስለ ጎደለ የግፊት ጠባቂው ኮምፕሬሰሩ እንዳይጎዳ አቁሞት ይሆናል። ሞተሩ ከልክ በላይ በጋለ ጊዜም አንዳንዱ አውቶሞቢል ማቀዝቀዣውን በራሱ ያቆማል፤ ስለዚህ የሞተሩን የሙቀት ምልክት መመልከት ይገባል። ይህን ስታደርግ ነጠላህን ሰብስብ፤ እጅህንም ከቺንጊያውና ከቬንቲላተሩ አርቅ።

ሦስተኛ፤ በጉዞ ላይ ቀዝቅዞ በቆመ ጊዜ የሚሞቅ የሆነ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ የቬንቲላተሩ መቆም ወይም የኮንደንሰሩ መታፈን ነው። በጉዞ ላይ ነፋሱ ራሱ ይረዳው ስለ ነበረ ነውሩ ተሸፍኖ ቈይቷል ማለት ነው።

አራተኛ፤ በመጀመሪያ ቀዝቅዞ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ነፋሱ እየደከመ የሚሄድ፤ ጥቂት ካረፈ በኋላም የሚመለስ የሆነ እንደ ሆነ በኢቫፖሬተሩ ላይ በረዶ ረግቶ የአየሩን መንገድ እንደ ዘጋው ይጠረጠራል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ዘግቶ ማራገቢያውን ብቻ ጥቂት ደቂቃ መተው በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ምክንያቱን ግን ባለሙያ ሊመረምረው ይገባል።

አምስተኛ፤ በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ወዛም እድፍ ብታይ በዚያ ስፍራ ጋዝ እየወጣ ነው ብለህ ተጠራጠር፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚወጣ እድፉ ይመሰክርበታልና።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው። ጋዙ በብርቱ ግፊት ያለ ስለ ሆነ መጋጠሚያውን የፈታ ሰው ዓይኑና ቆዳው በቅጽበት በረዶ ሊመታው ይችላል። እንዲሁም ርካሽ ነው በማለት በማቀዝቀዣው ውስጥ የማብሰያ ጋዝ የሚከቱ ሰዎች ስለ አሉ ከነዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቱቦው በኢቫፖሬተሩ በኩል ቢያፈስ የሚነድ ጋዝ ቤተ ሰብ በተቀመጠበት ስፍራ ይሞላልና። ከልክ በላይ መሙላትም እንደ ማጉደል ሁሉ ቅዝቃዜን ያሳጣል። የጋዙ ዓይነትና ክብደቱ ብዙውን ጊዜ በሞተሩ ክዳን ሥር በተለጠፈው ወረቀት ተጽፎ ይገኛል፤ ባለቤቱ ይህን አስቀድሞ አንብቦ ቢሄድ በጋራዥ የሚነገረውን ለመመዘን ይችላል።

ስለ ጋዙ ዓይነት ጥቂት መጨመር ይገባናል። የቀድሞዎቹ አውቶሞቢሎች የሚሠሩበት አር 12 የተባለው ጋዝ ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀውን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ ሆኖ ስለ ተገኘ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1987 በሞንትሪያል በተደረገው ውል መሠረት እንዲቀር ተደረገ። በእርሱ ፈንታ የገባው አር 134ኤ ኦዞንን የማይጎዳ ቢሆንም ከከሰል አየር ይልቅ ከ1,000 ጊዜ በላይ ምድርን የማሞቅ ኃይል አለው፤ በ2016 በኪጋሊ የተደረገው ስምምነትም እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለመቀነስ ነው። እንግዲህ ቀዳዳውን ሳይደፍን ጋዝ የሚሞላ ሰው የራሱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም አየር ያባክናል።

ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ሄደዋል። በእነዚህ ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በቺንጊያ ሳይሆን በብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ዘይቱም ልዩ ነው። በብዙዎቹም ማቀዝቀዣው ባትሪውን ጭምር ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ብርቱካን መልክ ያላቸውን ሽቦዎች ያልሠለጠነ ሰው ከቶ እንዳይነካቸው አጥብቀን እንመክራለን።

ማቀዝቀዣው በመንገድ ላይ ቢያቆምና ጋራዥ ሩቅ ቢሆን ቤተ ሰብ ምን ያድርግ? የቆላ ሰው ከጥንት የሚያውቀውን ማድረግ ይበቃል፤ ይኸውም ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ መሄድ፤ ፀሐይ ሲበረታ በጥላ ማረፍ፤ ውኃ በየጊዜው መጠጣት ነው። ሕፃንን በተዘጋ አውቶሞቢል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ትቶ መሄድ አይገባም፤ በፀሐይ የቆመ አውቶሞቢል በ10 ደቂቃ ውስጥ 10 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላልና። በሙቀት የተነሣ ገላው የጋለ፤ ንግግሩም የተምታታ ሰው ቢኖር በጥላ አስተኝቶ፤ ገላውን በውኃ እያረሰ እያራገበ ወደ ሐኪም ፈጥኖ ማድረስ ያስፈልጋል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ፤ የተጀመረውም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ስፍራ መጠበቅ አለበት፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰውም በትልቅና በትንሽ ሸክላ መካከል እርጥብ አሸዋ አድርጎ መድኃኒቱን በውስጡ ማስቀመጥ ከሙቀት ይከላከልለታል። በበረዶ ላይ በቀጥታ ማኖር ግን መድኃኒቱን ያበላሸዋል።

በደጋ የምትኖሩም አንባቢዎቻችን ምንም እንኳ ሙቀት ባይኖር በየሳምንቱ 10 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣውን ክፈቱት፤ ቀለበቶቹ በዘይት ይርሳሉ፤ በክረምትም የመስተዋቱን ጉም ፈጥኖ ያጠፋላችኋል። ወደ ቆላ ለመውረድ ባሰባችሁ ጊዜ ከመነሣታችሁ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ፈትኑት እንጂ በመንገድ ላይ አትፈትኑት።

አበው «ነገርን ከሥሩ፤ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት የጎደለውን ከመሙላት በፊት የጎደለበትን ምክንያት የሚጠይቅ ሰው አንድ ጊዜ ከፍሎ ያርፋል፤ ሳይጠይቅ የሚሞላ ግን ዘወትር ሲሞላ ይኖራል። ሠራተኛው ጋዝ አልቋል ባላችሁ ጊዜ በትሕትና «ወዴት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁት። እውነተኛው ባለሙያ በዚህ ጥያቄ ደስ ይለዋል እንጂ አይቈጣም።